የወደብ ደለል ብክለትን በጥቃቅን የውኃ እንስሳት የመመርመር ዘዴ

ጠቅላላ መረጃ

የወደብ ደለል ማለት መርከቦችና ጀልባዎች በሚቆሙበት የውኃ አካል ወለል ላይ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚጠራቀም የጭቃ፣ የአሸዋና የብስባሽ ክምችት ነው። ደለሉ የመተላለፊያውን ጥልቀት ስለሚቀንስ በየጊዜው ተጠርጎ መውጣት ይኖርበታል። ከመውጣቱ በፊት ግን መልስ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ደለሉ ባለበት ቢቆይ ወይም ወደ ሌላ የውኃ ክፍል ቢጣል በሕይወታውያን ላይ ጉዳት ያደርሳል ወይስ አያደርስም የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ዘዴዎች አንዱ በደለል ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳትን መጠቀም ነው። የኬሚካል ምርመራ በደለሉ ውስጥ ምን ዓይነት በካይ ነገር በምን ያህል መጠን እንዳለ ያሳያል። የእንስሳቱ ምርመራ ደግሞ ያ በካይ ነገር በርግጥ ሕይወትን የሚጎዳ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። አስተማማኝ ውሳኔ የሚገኘው ሁለቱ ሲጣመሩ ነው።

የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ሲሆን፣ በአገር ውስጥም በጣና ሐይቅና በሌሎች ሐይቆች ላይ የጀልባ ማረፊያዎች ይገኛሉ። የዘዴው መሠረተ ሐሳብ ለሐይቅ፣ ለግድብና ለወንዝ ደለልም የሚያገለግል በመሆኑ ይህ ጽሑፍ ዘዴውን፣ አጠቃቀሙንና ዜጎች ብክለትን በሚመለከት ያላቸውን መብት ያብራራል።

ደለል በካይ ነገሮችን የሚያከማችበት ምክንያት

ከፋብሪካ፣ ከከተማ ፍሳሽ፣ ከመርከብ ቀለምና ከነዳጅ መፍሰስ የሚመጡ በካይ ነገሮች ውኃ ውስጥ ከገቡ በኋላ አብዛኞቹ ሟሙተው አይቀሩም። ከሸክላ ቅንጣቶችና ከብስባሽ ጋር ተጣብቀው ወደ ወለሉ ይዘቅጣሉ። የደለሉ ቅንጣት በደቀቀ መጠን በካይ ነገሮችን የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ደቃቅ ሸክላ ከተመሳሳይ ክብደት አሸዋ ይልቅ እጅግ ሰፊ የገጽታ ስፋት አለው። ወደቦች ደግሞ ከማዕበል እንዲጠበቁ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው። ውኃው የረጋ ስለሆነ ደቃቁ ጭቃ የሚዘቅጠው በአብዛኛው እዚያው ነው።

በወደብ ደለል ውስጥ በብዛት የሚገኙት በካይ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

1. እንደ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ መዳብና ዚንክ ያሉ ብረቶች፤
2. ከነዳጅና ከከሰል ቃጠሎ የሚመጡ፣ በእንግምኛ ምኅጻራቸው ፒኤኤች የሚባሉ ውሁዶች፤
3. ቀደም ሲል በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ ያገለግሉ የነበሩት ፒሲቢ የሚባሉ ኬሚካሎች፤ እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት መጀመሪያ ከዘረዘራቸው 12 በካዮች መካከል ናቸው፤
4. በመርከብ አካል ላይ ዛጎልና አልጌ እንዳይጣበቅ የሚቀባው ቀለም ይዟቸው የነበሩ፣ ትራይቡቲልቲን የሚባለውን የመሰሉ የቆርቆሮ ውሁዶች።

እነዚህ ነገሮች ብክለቱን ያመጣው ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በደለሉ ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ውኃው ከላይ ሲታይ ጠርቶ ወለሉ ግን የተበከለ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የውኃ ናሙና ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ደለሉም ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የኬሚካል ልኬት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

በደለል ውስጥ የሚገኝ በካይ ነገር ሁሉ ወደ እንስሳት አካል አይገባም። ለምሳሌ ኦክስጅን በሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ካድሚየም፣ መዳብ፣ ኒኬል፣ እርሳስና ዚንክ ከሰልፋይድ ጋር ይጣበቃሉ፤ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ የመጉዳት ኃይላቸው በእጅጉ ይቀንሳል። በብስባሽ የበለጸገ ደለልም ፒኤኤችንና ፒሲቢን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በሁለት ወደቦች ተመሳሳይ የብረት መጠን ቢለካም በአንዱ እንስሳቱ በሰላም ሲኖሩ በሌላው ሊሞቱ ይችላሉ።

ሁለተኛው ችግር የድብልቅ ጉዳይ ነው። በወደብ ደለል ውስጥ በርካታ ኬሚካሎች በአንድነት ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲታዩ ከወሰን በታች ቢሆኑም በጋራ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ቤተ ሙከራ የሚለካው እንዲለካ የታዘዘውን ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያልተካተተ ኬሚካል በሪፖርቱ ላይ አይታይም፤ በደለሉ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ግን ያለውን ሁሉ በአንድነት ይቀምሳል።

ደለሉ ሲጠረግም ሁኔታው ይለወጣል። ለረጅም ጊዜ ከኦክስጅን ርቆ የኖረ ጭቃ ሲታወክና አየር ሲያገኝ በሰልፋይድ ታስረው የነበሩ ብረቶች ሊለቀቁ ይችላሉ። ከጠረጋ በፊት ምርመራ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለምርመራ የሚመረጡ እንስሳት

ለዚህ ተግባር የሚመረጥ እንስሳ የሚከተሉትን መስፈርቶች ማሟላት ይጠበቅበታል። ኑሮው ከደለል ጋር የተያያዘ፣ ለብክለት ስስ የሆነ፣ በቤተ ሙከራ ሊቆይ የሚችል፣ በቂ ቁጥር ሊገኝለት የሚችልና ከተፈጥሯዊ የጭቃ ልዩነት ይልቅ ለመርዝ ምላሽ የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል።

መስፈርቱን ከሚያሟሉት መካከል ግንባር ቀደሞቹ አምፊፖድ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ የሽሪምፕ ዘመድ የሆኑ፣ ከጎን ወደ ጎን ጠፍጣፋ አካል ያላቸውና ቁመታቸው በአብዛኛው ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ እንስሳት ናቸው። አንዳንዶቹ በጭቃው ውስጥ ቱቦ ሠርተው ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ደለሉን እየቆፈሩ ይንቀሳቀሳሉ። ለዓሣና ለወፎች ምግብ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ የሚደርስ ጉዳት ወደ ላይኛው የምግብ ሰንሰለት ይተላለፋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ለባሕርና ለወንዝ መግቢያ ደለል አራት የአምፊፖድ ዝርያዎችን አካቷል። እነዚህም አምፔሊስካ አብዲታ፣ ኢዮሃውስቶሪየስ ኢስቱዋሪየስ፣ ሌፕቶኬይረስ ፕሉሙሎሰስ እና ሬፖክሲኒየስ አብሮኒየስ ናቸው። በአውሮፓ ደግሞ ኮሮፊየም ቮሉታተር የተባለው ዝርያ በስፋት ያገለግላል። ለጨው አልባ ውኃ ደለል ሃያሌላ አዝቴካ የተባለው አምፊፖድና ኪሮኖሚድ የሚባሉት ትንኝ መሰል ነፍሳት ዕጮች ይመረጣሉ።

ከአምፊፖድ በተጨማሪ የባሕር ትሎች፣ ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳትና የእነዚህ እንስሳት ጽንሶች ለምርመራ ይውላሉ። እያንዳንዱ እንስሳ ለተለያየ በካይ ነገር የተለያየ ስስነት ስላለው ከአንድ በላይ ዝርያ መጠቀም የውጤቱን ተአማኒነት ያሳድጋል።

የ10 ቀን ምርመራ ቅደም ተከተል

በስፋት የሚሠራበት ምርመራ 10 ቀን የሚፈጅ ሲሆን የሚለካውም በሕይወት የተረፉት እንስሳት ቁጥር ነው። ከላይ በተጠቀሰው መመሪያ መሠረት የባሕር አምፊፖድ ምርመራ በሚከተለው ሁኔታ ይከናወናል፦

1. ናሙና ማንሣት፦ ደለሉ ከወለሉ በመንጋጋ መሰል የናሙና ማንሻ ይወሰዳል። ናሙናው እስከ ምርመራው ቀን በጨለማና በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል።
2. ማዘጋጀት፦ አንድ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ውስጥ 175 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ደለል ይጨመራል፤ በላዩም 800 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ የባሕር ውኃ ይሞላል።
3. እንስሳቱን ማስገባት፦ በእያንዳንዱ ብርጭቆ 20 አምፊፖዶች ይገባሉ። ለአንድ ናሙና በአብዛኛው 5 ብርጭቆዎች በድግግሞሽ ይዘጋጃሉ።
4. ክትትል፦ ውኃው አየር እንዲያገኝ ይደረጋል፤ ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ኦክስጅን፣ የአሲድ መጠንና አሞኒያ ይለካሉ። ሙቀቱ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ለምሳሌ ለኢዮሃውስቶሪየስ 15፣ ለአምፔሊስካ 20፣ ለሌፕቶኬይረስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ10ሩ ቀናት ውስጥ እንስሳቱ ምግብ አይሰጣቸውም።
5. ቆጠራ፦ በ10ኛው ቀን ደለሉ በወንፊት ተጣርቶ በሕይወት ያሉት ይቆጠራሉ።

ከተጠረጠረው ደለል ጎን ለጎን ሁለት ሌሎች ደለሎች ይመረመራሉ። የመጀመሪያው የመቆጣጠሪያ ደለል ሲሆን ንጹሕነቱ የታወቀና እንስሳቱ የሚስማማቸው ነው። በዚህ ውስጥ በአማካይ ቢያንስ 90 በመቶ የሚሆኑት እንስሳት በሕይወት ካልቆዩ ምርመራው ተቀባይነት የለውም፤ ምክንያቱም እንስሳቱ ራሳቸው ጤናማ አልነበሩም ወይም አያያዙ ጉድለት ነበረበት ማለት ነው። ሁለተኛው የማነጻጸሪያ ደለል ነው። ይህ ከወደቡ አካባቢ ብክለት ካልደረሰበት ቦታ የሚወሰድ ሲሆን በቅንጣት መጠኑና በባሕርዩ የተጠረጠረውን ደለል ይመስላል።

የእንስሳቱን ስስነት ለማረጋገጥም የተወሰኑት እንደ ካድሚየም ክሎራይድ ባለ የታወቀ መርዝ ለብቻ ይፈተናሉ። ምላሻቸው ቀደም ሲል ከተመዘገበው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ውጤቱ ይታመናል።

ውጤቱ የሚተረጎምበት መንገድ

በወደብ ጠረጋ ረገድ በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ ሁለት መመዘኛዎችን በአንድነት ይጠይቃል። አንደኛ፣ በተጠረጠረው ደለል ውስጥ የሞቱት አምፊፖዶች ብዛት በማነጻጸሪያው ደለል ውስጥ ከሞቱት በስታቲስቲክስ ስሌት የተረጋገጠ ልዩነት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ከ20 የመቶኛ ነጥብ በላይ መሆን አለበት።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በማነጻጸሪያው ደለል ውስጥ ከ100 አምፊፖዶች 8 ሞቱ እንበል። በወደቡ ደለል ውስጥ 15 ቢሞቱ ልዩነቱ 7 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ደለሉ መርዛማ ነው አይባልም። 45 ቢሞቱ ግን ልዩነቱ 37 ነጥብ ስለሚሆንና በስሌትም ሊረጋገጥ ስለሚችል ደለሉ በክፍት ባሕር እንዳይጣል የሚያደርግ ማስረጃ ይሆናል።

ረዘም ያሉ ምርመራዎች

በ10 ቀን ውስጥ አለመሞት ጉዳት የለም ማለት አይደለም። መጠኑ አነስተኛ የሆነ ብክለት ሳይገድል ዕድገትንና መራባትን ሊያቀጭጭ ይችላል። በዚህ ምክንያት በሌፕቶኬይረስ ላይ 28 ቀን የሚፈጅ ምርመራ ይደረጋል፤ በዚህም ከሕልውና በተጨማሪ ዕድገትና የተወለዱት ግልገሎች ብዛት ይለካሉ። ለሃያሌላ ደግሞ እስከ 42 ቀን የሚደርስ ምርመራ አለ።

ሌላው ዓይነት በአካል ውስጥ የሚከማች በካይን የሚለካ ምርመራ ነው። የባሕር ትሎችና ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳት በደለሉ ላይ 28 ቀን እንዲኖሩ ከተደረገ በኋላ በሥጋቸው ውስጥ የተጠራቀመው ኬሚካል ይለካል። ሜርኩሪና ፒሲቢ በዚህ መንገድ ከትል ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ወደ ሰው ሊተላለፉ ስለሚችሉ ምርመራው ከሕዝብ ጤና ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው።

በቦታው የሚኖሩ እንስሳት ቆጠራ

የቤተ ሙከራ ምርመራ የሚያሳየው ለጥቂት ቀናት የሚደርሰውን ምላሽ ነው። በወደቡ ወለል ላይ የሚኖሩት እንስሳት ግን ለወራትና ለዓመታት የደረሰውን ሁሉ መዝግበው ይዘዋል። ስለዚህ ደለሉ 0.5 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ተጣርቶ በውስጡ ያሉት እንስሳት በዓይነትና በቁጥር ይለያሉ።

በዚህ ረገድ ፒርሰንና ሮዘንበርግ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቡት መግለጫ እስከ አሁን መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ፍሳሽና ብስባሽ ወደሚበዛበት ቦታ በተቃረብን መጠን የዝርያዎች ብዛት ይቀንሳል፤ ከጥቂት ዝርያዎች የሆኑ ትናንሽ ትሎች ግን በቁጥር እጅግ ይበዛሉ። ከእነዚህም ካፒቴላ የተባለችው ትል በጣም የታወቀች ናት። ብክለቱ ከዚያ በላይ ሲሆን ምንም እንስሳ የማይኖርበት ወለል ይቀራል። ስለሆነም በአንድ ናሙና ውስጥ ብዙ ትል መገኘቱ የጤናማነት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ የዝርያዎቹ ስብጥርም መታየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2000 በስፔን ተመራማሪዎች የቀረበውና አምቢ የተባለው መለኪያ የወለል እንስሳትን ለብክለት ባላቸው ስስነት በአምስት ምድብ ይከፍላል። በጣም ስስ የሆኑት በመጀመሪያው ምድብ፣ ብክለትን ተቋቁመው የሚበዙት በአምስተኛው ይመደባሉ። ከምድቦቹ ድርሻ የሚሰላው ነጥብ የወለሉን ሁኔታ ይገልጻል።

ሦስቱን ማስረጃዎች ማጣመር

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የፒዩጄት ሳውንድ ባሕረ ሰላጤ ለዚህ አሠራር ዋነኛ ምሳሌ ነው። በታኮማ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የኮሜንስመንት የባሕር ወሽመጥ ለረጅም ዘመን የማቅለጫና የሌሎች ኢንዱስትሪዎች መገኛ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ቅድሚያ ጽዳት በሚያስፈልጋቸው የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ኤድዋርድ ሎንግና ፒተር ቻፕማን የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1985 ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ የተገኘ መረጃን በመጠቀም ሦስት ማስረጃዎችን በአንድነት የማየት ዘዴን አቀረቡ። ሦስቱም የኬሚካል ልኬት፣ የመርዛማነት ምርመራና በቦታው የሚኖሩ እንስሳት ሁኔታ ናቸው። የዋሽንግተን ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የደለል ደረጃ የእንስሳት ምርመራን የሕግ አካል አደረገ።

የሦስቱ ማስረጃዎች ጥምረት እንደሚከተለው ይተረጎማል፦

• ሦስቱም ጉዳት ካሳዩ፣ ብክለቱ ሕይወትን እየጎዳ ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ አለ።
• ሦስቱም ጉዳት ካላሳዩ፣ ደለሉ ጎጂ ነው ለማለት ማስረጃ የለም።
• የኬሚካል ልኬት ብቻ ከፍተኛ ከሆነ፣ በካይ ነገሩ ቢኖርም እንስሳት በማያገኙት ሁኔታ ታስሮ ሊሆን ይችላል።
• የመርዛማነት ምርመራው ብቻ ጉዳት ካሳየ፣ ያልተለካ ኬሚካል ወይም ሌላ አዋኪ ሁኔታ መኖሩ ይጠረጠራል።
• የእንስሳቱ ስብጥር ብቻ ከተዛባ፣ መንስኤው የመርከብ ተሽከርካሪ ሞገድ፣ የቅርብ ጊዜ ጠረጋ ወይም የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል።

አንድን ማስረጃ ብቻ ይዞ መወሰን በሁለት አቅጣጫ ጉዳት አለው። ጎጂውን ደለል ንጹሕ ነው ብሎ ማለፍ ዓሣ አስጋሪዎችንና ተመጋቢዎችን ይጎዳል። የማይጎዳውን ደለል መርዛማ ነው ብሎ መፈረጅ ደግሞ የሕዝብን ገንዘብ ያለ ጥቅም ያስወጣል።

ከመርከብ ቀለም የተገኘ ትምህርት

ጥቃቅን እንስሳት ከመሣሪያ ቀድመው ብክለትን እንደሚያመለክቱ ያረጋገጠው የትራይቡቲልቲን ታሪክ ነው። በፈረንሳይ የአርካሾን የባሕር ወሽመጥ የኦይስተር አርቢዎች ምርታቸው ሲያሽቆለቁልና ቅርፊቱ ያለ ቅጥ ሲወፍር ተመለከቱ። መንስኤው በጀልባዎች ቀለም ውስጥ የነበረው ትራይቡቲልቲን ሆኖ በመገኘቱ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ቀለሙ እንዳይቀባ ከለከለች። በእንግሊዝ ጠረፍም ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት ማብቀላቸው ታየ። ይህ ለውጥ የሚጀምረው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 1 ናኖግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ እጅ አካባቢ በሆነ መጠን ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ቀለሙን የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ፤ ስምምነቱም መስከረም 17 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ ኬሚካሉ በቀድሞ የመርከብ መጠገኛዎች ደለል ውስጥ ዛሬም ይገኛል።

ውጤትን ሊያሳስቱ የሚችሉ ሁኔታዎች

እንስሳት የሚሞቱት በኢንዱስትሪ ብክለት ብቻ አይደለም። በብስባሽ በበለጸገ ደለል ውስጥ አሞኒያና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በተፈጥሮ ሊፈጠሩ ይችላሉ። የኦክስጅን እጥረት፣ ለዝርያው የማይስማማ ጨዋማነትና እጅግ የደቀቀ ወይም እጅግ ሸካራ ቅንጣትም ሞትን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ የደለል ምርመራ ሪፖርት የሚያነብ ማንኛውም ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ሊፈትሽ ይገባል፦

1. በመቆጣጠሪያ ደለሉ ውስጥ ምን ያህል እንስሳት በሕይወት ተገኙ?
2. የማነጻጸሪያው ደለል ከየት ተወሰደ? የቅንጣት መጠኑስ ይመሳሰላል?
3. ናሙናው ከምን ያህል ጥልቀት ተወሰደ? ጠረጋው ወደ ታች 2 ሜትር የሚደርስ ሆኖ ናሙናው ከላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከተወሰደ፣ የሚወጣውን ደለል በሙሉ አይወክልም።
4. አሞኒያ፣ ኦክስጅንና ጨዋማነት ተለክተዋል?
5. ስንት ዝርያዎችና ስንት ድግግሞሾች ጥቅም ላይ ዋሉ?

ውጤቱ የሚያስከትለው ውሳኔ

ተጠርጎ የሚወጣ ደለልን ወደ ባሕር መጣል የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የለንደን ስምምነትና የ1996ቱ ፕሮቶኮሉ ነው። ፕሮቶኮሉ ተጠርጎ የሚወጣ ደለል ወደ ባሕር ሊጣሉ ከሚችሉ ጥቂት ነገሮች መካከል እንዲሆን ቢፈቅድም፣ አስቀድሞ ባሕርዩና የሚያስከትለው ጉዳት ተገምግሞ ፈቃድ እንዲሰጥበት ያዝዛል።

ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ደለል ለባሕር ዳርቻ ማጠናከሪያ፣ ለመሬት መሙያ ወይም ለሌላ ጠቃሚ ተግባር ሊውል ይችላል። የተበከለው ግን በተከለለ ቦታ ይቀመጣል። ለምሳሌ የሮተርዳም ወደብ የተበከለ ደለሉን ለማከማቸት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሉፍተር የተባለ ሰፊ የተከለለ ማጠራቀሚያ ገንብቷል። ደለሉ ባለበት እንዲቆይ ከተወሰነም በንጹሕ አሸዋ መሸፈን አንዱ አማራጭ ነው። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ብክለቱን ከምንጩ ማቆም ነው፤ ፍሳሹ ካልቆመ አዲስ የሚዘቅጠው ደለልም ይበከላል።

ዘዴው በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች

የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚቀበሉት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። ግድብ እንደ ወደብ ሁሉ ውኃው የሚረጋበት በመሆኑ ደቃቅ ጭቃና ከእርሱ ጋር የተጣበቁ በካይ ነገሮች የሚዘቅጡበት ስፍራ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት አካባቢም ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም በፍሳሽ አማካይነት ወደ ወንዝ ሊደርስ ይችላል።

በወንዞች ውስጥ የሚደረገው ቆጠራ ከወደቡ ጋር በመሠረተ ሐሳብ አንድ ነው። ሜይፍላይና ካዲስፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ዕጮች ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ይፈልጋሉ። ቀይ የኪሮኖሚድ ዕጮች ግን ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላላቸው በተበከለ ጭቃ ውስጥም ይኖራሉ። በአንድ ወንዝ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጠፍተው ቀይ ዕጮችና ትሎች ብቻ ከቀሩ የውኃው ጤና ተጓድሏል ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች የተዘጋጀና ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ ዘዴም እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ዘዴው የውጭ አገር መለኪያን እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ በአገሪቱ ወንዞች በሚገኙ እንስሳት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ጠቃሚ ያደርገዋል።

የዜጎች መብትና የአቤቱታ አቀራረብ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ወይም ሊያደርስ የሚችልን አካል በመቃወም አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይገልጻል። አቤቱታ አቅራቢው ጉዳቱ በግል እንደሚመለከተው ማስረዳት አይጠበቅበትም። አቤቱታው የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም አግባብ ላለው የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው።

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔ መስጫው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል።

አቤቱታው ተጣርቶ ፈጣን ምላሽ እንዲያገኝ የሚከተሉትን መያዙ ይመከራል፦

1. ብክለቱ የታየበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፤
2. የውኃው ወይም የደለሉ ቀለም፣ ሽታና በላዩ የሚታይ ዘይት መኖር አለመኖሩ፤
3. የሞቱ ዓሣዎች ወይም የጠፉ የውኃ እንስሳት ካሉ መግለጫና ፎቶግራፍ፤
4. የተጠረጠረው የፍሳሽ መውጫ የሚገኝበት አቅጣጫ፤
5. ውኃው ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ ማለትም ለመጠጥ፣ ለመስኖ፣ ለከብት ወይም ለዓሣ ማስገር መሆኑ።

ዜጎች የተበከለ የሚመስልን ደለል በእጅ መንካት የለባቸውም፤ ናሙና የማንሣቱን ሥራም ለባለሙያ መተው ይገባቸዋል። አግባብ ባለው መንገድ ያልተነሣና ያልተጠበቀ ናሙና በማስረጃነት የሚኖረው ዋጋ ይቀንሳል። ብክለቱን በጊዜ ማሳወቅ ግን ባለሙያው ምልክቱ ሳይጠፋ በቦታው እንዲደርስ ያስችላል፤ ፍሳሽ በሰዓታት ውስጥ ታጥቦ ሊሄድ ቢችልም በደለሉና በውስጡ በሚኖሩት እንስሳት ላይ የተወው ምልክት ለረጅም ጊዜ ሊመረመር ይችላል።